ከችካሉ ወዲህ

እኛ የቡርቃ ሰዎች ከተሜ የሆንነው አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነው። እስከዚያ ጠዋት ድረስ ባላገር ነበርን። ጨፌ ጉራቻ ከተማው ከላይ፣ እኛ ከታች፣ በመካከላችን ጥቂት ባሕር ዛፍና አንድ የጭቃ መንገድ ብቻ። እነሱ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ መብራት ያበራሉ፣ የቦኖ ውሃ አላቸው፣ ቆሻሻቸውን የሚያነሳ ጋሪ አላቸው። ለእኛ የደረሰን ከጭላሎ የሚወርደው ብርድና ጉም ነው፤ ጋሪው የሚጭነውንም ቆሻሻ የሚደፋው እኛው ጓሮ ነበር። ስለዚህ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዓመተ ምሕረት ማዘጋጃ ቤቱ ከተማውን ወደ ታች ሊያሰፋ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ደስ ቢለን አይፈረድብንም።

ብርሃነሽ እባላለሁ። ከባለቤቴ ከገብረኪዳን ጋር ከሶዶ መጥተን ቡርቃ ላይ ጨው፣ ላምባና ስኳር የምንሸጥባት ሱቅ ከፍተን ነበር። ምላሴ አያርፍም ይሉኛል፤ ይበሉ። በዚያ ሰፈር ዝም ብለው የኖሩትም ከእኔ የተሻለ ነገር ሲያገኙ አላየሁም።

ቡርቃ ማለት በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። ምንጩ በበጋ ደህና ነው። ክረምት ሲገባ ግን ከላይ የከተማው እድፍ፣ ከጎን የከብቱ እበት ይወርድበታል፤ እሱኑ በነጠላ አጥልለን እንጠጣ ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ዘነበች በአራት ዓመቷ በተቅማጥ ሞተችብኝ። ላይ ከተማ፣ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቀበርናት። ክረምቱ ሳይወጣ ደግሞ እሷን ያዋለደችኝ ጎረቤቴ ፋጡ በዚሁ በሽታ ሄደች።

ፋጡ የኦቦ ከዲሮ ሚስት ነበረች። ኦቦ ከዲሮ የሰፈሩ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ረጅም፣ ደረቅ፣ ከፈረስ ሲወርዱ ብቻ የሚያረጁ ሰው። ሲስቁ ያየኋቸው ፋጡ ስትሰድባቸው ነው። ከሞተች በኋላ የሚሰድባቸው ስላልነበረ መሳቁም ቀረ። ከቤቶቻችን በታች ባለው ሜዳ፣ አባታቸውና አያታቸው ባሉበት፣ ቀበሯት፤ ዙሪያዋን በድንጋይ ካቡላት። በቀኟ በኩል አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትተው እሱንም በድንጋይ ከለሉት። ጁምዓ ጁምዓ ወርደው ሣሩን ይነቅላሉ፤ የሷንም የራሳቸውንም። አንድ ቀን ከአጥሬ ሆኜ "ኦቦ፣ ገና በቁምዎ ቤትዎን ያርማሉ?" ብላቸው፣ "ቀድማኝ ገባች። ሳልቆይ እመጣለሁ ብያታለሁ" አሉኝ። ቀልዴን አፈርኩበት።

ማዘጋጃ ቤት ሄደው "ቡርቃን ወደ ከተማ አስገቡልን፣ ውሃ ስጡን" ብለው ደጅ የጠኑትም እሳቸው ናቸው። ወንድ ልጃቸው አብዶ እዚያው ዘበኛ ስለነበር በሩን አያጡትም። የፋጡ ሞት ነው ያስነሳቸው፤ ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም።

በዚያች ሐሙስ ቀያሹ መጣ። አቶ ኃይለየሱስ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የተላከ፣ ጭቃው ጫማውን የበላበት፣ ቶሎ ጨርሶ መሄድ የሚፈልግ ወጣት። አብዶ የዘበኛ ካኪ ካፖርቱን ለብሶ የመለኪያ ሰንሰለቱን ይጎትትለታል፣ ችካሉን ይመታለታል። መስመሩ ከወፍጮው ተነስቶ በቤቶቻችን ግርጌ ባለው የእግር መንገድ ዞረ። ቤቶቹ በሙሉ ገቡ። መቃብሩ ያለበት ሜዳ ከመንገዱ በታች ስለሆነ ውጭ ቀረ።

ኦቦ ከዲሮ መጥተው የመጨረሻው ችካል ላይ ቆሙ። ቀስ ብለው በኦሮምኛ ለልጃቸው ተናገሩ። ቀያሹ "ምን ይላሉ?" ሲል አብዶ "ሙታኖቻችንን ውጭ ጥለን እኛ ብቻችንን አንገባም ይላሉ፣ ጌታዬ" አለው።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው ግትርነት ይመስላል። አርሲዎች መሬት ይገባኛል ተባብለው ሲጣሉ ሽማግሌ የሚጠይቀው "አያትህ የት ነው የተቀበረው?" ብሎ ነው። መቃብሩን ያሳየ መሬቱን ያሳየ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምስክር አይቆጠርም። ወሰን ተተክሎ መቃብርህ ከወሰኑ ውጭ ከቀረ ደግሞ በገዛ እጅህ መሬቱን ለቀህ ሄድክ ማለት ነው። በዚያ ዘመን የተለቀቀ መሬት በማግስቱ የየትኛው ጌታ ማሳ ሆኖ እንደሚያድር አይታወቅም ነበር። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በሙሉ ኦቦ ከዲሮን ደገፉ። ኦቦ ሁሴኖ የሚባሉት ጓደኛቸው እንዲያውም ለቀያሹ የሚታረድ በግ አስጎተቱ።

ቀያሹ ሜዳውን አየ፣ ሰማዩን አየ። ዝናብ መጥቷል። "ለእኔ አንድ ነው፤ ትንሽ ሜዳ ናት፤ እንደ ወደዳችሁ" አለና ችካሎቹን አስነቅሎ ከመቃብሩ በታች አስተከላቸው። በጉ ታረደ። እኔም ለክርስቲያኖቹ ዳቦ ቆርሼ አቀረብኩ። ኦቦ ከዲሮ አዲሱን ችካል በእጃቸው ነቅነቅ አድርገው መጥበቁን ሲያረጋግጡ አይቻለሁ። ያ ቀያሽ የከተማ የመቃብር ሕግ እንዳለ አውቆ ዝም ይበል፣ ወይም ትዝ ሳይለው ይቅር፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጠይቆት ያወቀ ሰውም የለም፤ በማግስቱ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ።

ማዘጋጃ ቤቱ ቃሉን ጠበቀ፤ ይህን ልክድ አልችልም። ቦዩን ሰፈርተኛው ራሱ ቆፈረ፣ እነሱ ቧንቧውን ዘረጉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ለመስቀል ቡርቃ ላይ ቦኖ ቆመ። የአብዶ ሚስት ዘይቱና የመጀመሪያውን ጣሳ ሞልታ ለአማቷ ሰጠች። እሳቸውም አልጠጡትም፤ ወደ ሜዳው ይዘውት ወርደው ፋጡ ራስጌ አፈሰሱት። እኛ ሴቶቹ አለቀስን። በተከታዩ ክረምት ከሰፈራችን አንድም ሕፃን አልሞተም። ሁለተኛው ልጄ ፍሰሐ ያን ውሃ ጠጥቶ ጉንጩ ሞላ። ጠዋት ጠዋት እንስራዬን ከቦኖው ስር አስቀምጬ ጥሩውን ውሃ ሲወርድ እያየሁ፣ ዘነበችን አስቤ የምናደድበት ጊዜ ነበር። አንድ ሁለት ዓመት ቢቀድም ኖሮ እያልኩ።

ከዚያ የኦቦ ሁሴኖ እህት አስያ ሞተች። ወጣቶቹ ሜዳው ላይ ጉድጓድ ጀምረው ሳለ አብዶ ከላይ እየሮጠ ወረደ። የከተማው ሹም ልከውት ነው። ቃሉን እንደ ታዘዘው ተናገረ፤ በከተማ ክልል ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ በቀር ሬሳ መቅበር ክልክል ነው፤ ለእስላሙ ከከተማ ውጭ፣ ከወፍጮው ማዶ ባለው ጋራ ላይ ቦታ ተሰጥቷል፤ ትዕዛዙን ጥሶ የተቀበረ ካለ ይወጣል። የመጨረሻውን ሲናገር መሬት መሬት ነበር የሚያየው።

ሬሳ ማውጣት የሚባለውን ቃል ሰምቶ እዚያ የቆመ ሁሉ ፊቱ ተለወጠ። አስያን ተሸክመው ወደ ጋራው ወጡ። ጋራው ዛፍ የሌለው፣ ንፋሱ ሰው የሚያስጎነብስ፣ ማንም የማንንም የማያውቅበት ቦታ ነው። ኦቦ ከዲሮ አብረው ሄደው ሲመለሱ ቤታቸው አልገቡም። ወርደው ፋጡ አጠገብ፣ በዚያች በተከለለችው ቦታ ዳር፣ እስኪመሽ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባቸው። ችካሉን ከእግር መንገዱ ላይ ያስነቀሉት እሳቸው፣ አዲሱን ነቅንቀው መጥበቁን ያረጋገጡት እሳቸው።

ከዚያ በኋላ የኦቦ ከዲሮ ሥራ ሁሉ ይኼ ሆነ። የከተማውን ሹም ደጅ ጠኑ። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ወንበር አስቀርበው "አባቴ፣ ሕግ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ" አሉ። ፈረሳቸውን ጭነው አሰላ ድረስ ሄዱ። አሰላ ላይ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመሩ ከርመው በመጨረሻ አንድ ጸሐፊ አስረዳቸው። ሜዳውን ብቻ ቆርጣችሁ አውጡልኝ ቢሉት አይሆንም አላቸው፤ ቡርቃ በአንድ ውሳኔ የገባች ናት፣ ውሳኔውም አዲስ አበባ ጸድቋል፤ ብትወጣ ሁለመናዋ ነው የምትወጣው። ነዋሪው በሙሉ ተስማምቶ ካመለከተ ግን ተስፋ አለ። ከከተማ ለወጣ ሰፈር ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ውሃ የማቅረብ ግዴታ የለበትም፤ ቧንቧው ይነቀላል።

ይህን ሁሉ ሳይደብቁ፣ ሳያሳምሩ፣ አጥራቸው ሥር ሰብስበውን ነገሩን። ሰኔ ነበር፤ ጉሙ ወርዶ ማዶ ያለ ሰው እንኳ አይታይም። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ብቻዬን ልመልሰው ግን አልችልም። አብራችሁኝ አመልክቱ" አሉ።

ኦቦ ሁሴኖ፣ እህታቸው ጋራ ላይ የተቀበረችባቸው ኦቦ ሁሴኖ፣ ጢማቸውን ይዘው ዝም። ገብረኪዳን ዝም። ዘይቱና እርጉዝ ናት፤ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ዝም። ሁሉም ዝም ብሎ ሊገላቸው ነው ብዬ ተናደድኩ። እውነቱን የሚነግራቸው ሰው ይገባቸዋል።

"ኦቦ ከዲሮ፣ አይቆጡኝ" አልኩ። "እኔ ውሃውን አልመልስም። ልጅ ቀብሬ አይቻለሁ። ፍሰሐን ለዚያ ምንጭ አልሰጥም። እርስዎን እወዳለሁ፤ ፋጡን እንደ እናቴ ነበር የማያት። ግን እሷ ሞታለች፤ ይኼ ልጅ አልሞተም።"

ሰው ሁሉ እኔን ያያል፤ ያልኩትን ሊሉ ፈልገው የፈሩ ሁሉ እንደ ጨካኝ ያዩኛል። ኦቦ ከዲሮ ግን አልተቆጡም።

"ልክ ነሽ" አሉኝ። ቀጥለውም "ዘነበች የት ነው ያለችው?" አሉ።

"ማርያም።"

"ማርያም ከከተማው ውጭ ናት?"

"አይ፤ መሃል ከተማ ናት።"

"አንቺስ ስትሞቺ?"

እኔ ስሞት ማርያም ነው የምቀበረው፤ ልጄ አጠገብ። እሱን ለማግኘት አሰላ መሄድ፣ ማንንም መለመን፣ የማንንም ውሃ ማስነቀል አላስፈለገኝም። ሕጉ ሲጻፍ ያ ቦታ ለእኔ ተቀምጦልኛል፤ እስከዚያች ቀን ድረስ አንድም ጊዜ አስቤው አላውቅም ነበር። ኦቦ ከዲሮ መልስ አልጠበቁም። ተነስተው "በሉ ዝናብ ሳይመጣ ግቡ" ብለው አሰናበቱን።

ቤት ገብቼ ገብረኪዳን ላይ ጮህኩበት፤ ምንም አላደረገኝም። ቢሆንም ቃሌን አላጠፍኩም። ዛሬም ቢጠይቁኝ ውሃውን አልመልስም። አንድ ሰው ልክ ሆኖ እንዲህ ልቡ ሊደማ እንደሚችል ግን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

ኦቦ ከዲሮ ከዚያ ወዲህ ለማንም አላነሱም። ሐምሌ ላይ ሳል ጀመራቸው፤ ሳሉ የደረት በሽታ ሆነ። ልጠይቃቸው ስሄድ ሁልጊዜ አብዶ ራስጌያቸው ተቀምጦ አገኘው ነበር፤ ስገባ ወሬ ያቆማሉ። የነሐሴው ዝናብ ሳያባራ ሞቱ።

ጠዋት ለቅሶው ተሰማ። ሬሳው ታጠበ፣ ተከፈነ፣ ተሰገደበት። ሰዎቹ ምን እንዳሰቡ ከአነሳሳቸው ታውቋል። ቃሬዛውን ተሸክመው ወደ ጋራው መንገድ አልዞሩም፤ ቁልቁል ወደ ሜዳው ወረዱ። ለኑሯቸው ሲሉ አላመለከቱላቸውም፤ አሁን ግን እፍረቱ አይሎባቸው በጉልበት ሊቀብሯቸው ነው። በእነሱ ደንብ ሴት ቀብር አትከተልም፤ ስለዚህ እኛ ሴቶቹ ከአጥሩ ጋር ተደርድረን ቆምን። ከዚያ ሜዳው ሁሉ ይታያል።

ፋጡ መቃብር አጠገብ፣ በዚያች በተከለለችው ቦታ ላይ፣ አብዶ ቆሟል። ካኪ ካፖርቱን ለብሷል፣ ዱላውን ይዟል። ለአባቱ ሰላት ያልቆመው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ተገለጠልን። ዘይቱና አጠገቤ ነበረች፤ አጥሩን ያዘች።

ተሸካሚዎቹ ቆሙ። ኦቦ ሁሴኖ ቀረቡት። "ያ ኢልማ ኮ፣ ዞር በል ልጄ። አባትህ ነው" አሉት።

"አውቃለሁ" አለ አብዶ።

"ታዲያ ዞር በላ።"

"አልዞርም። ብትቀብሩት ነገ ፖሊስ ይዘው መጥተው ያወጡታል። ከከፈኑ ጋር ጭቃ ላይ ይጥሉታል። ወደ ጋራው ውሰዱት።"

አንዱ ወጣት ገፋው፤ አልተነቃነቀም። ሌላው "ለደመወዝህ ነው፣ አንተ ውሻ" አለው። ቃሬዛውን ፋጡ ጎን መሬት ላይ አሳረፉት። ዝናቡ በላዩ ይወርዳል። ማንም ለማንሳት የመጀመሪያው መሆን አልፈለገም። በመጨረሻ ራሱ አብዶ ጎንበስ ብሎ የራስጌውን ዘንግ ያዘና "እንሂድ" አለ። ኦቦ ሁሴኖ እጁን መትተው ከዘንጉ አስለቀቁት፤ "አንተ አትነካውም" አሉት። እነሱ አንስተው ሄዱ፤ እሱ እዚያው ቀረ። እኔ ከአጥሩ ሆኜ ረገምኩት። ሴቶቹም አሜን አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሰው ከጋራው ተመልሶ ለቅሶ ቤት ተቀመጠ። አብዶ አልመጣም። ቢመጣም የሚያስቀምጠው አልነበረም። የገብስ ዳቦ በሻሽ ቋጥሬ ወደ ሜዳው ወረድኩ፤ ዳቦው ሰበብ ነው፣ የሄድኩት ልሰድበው ነበር። እናቱ መቃብር ካብ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ካፖርቱ በውሃ ርሶ ጠቁሯል።

"እስኪመሽ ቁም ብለውህ ነው?" አልኩት።

"አዎ፣ እትዬ ብርሃነሽ። መልሰው እንዳያመጡት።"

"ጎበዝ ዘበኛ ነህ። ሹሙ ሌላ ሰው አጡ? አባትህን የሚመልስ ካንተ ሌላ ጠፋ?"

ሊመልስልኝ አይፈልግም ብዬ ዳቦውን አስቀምጬ ስዞር ተናገረ።

"ሹሙስ ሌላ ሰው ሊልኩ ነበር። እኔ ነኝ የለመንኳቸው።"

"ለመንክ?"

"አባቴ ነው ያዘዘኝ። ሊሞት ሲል ጠርቶ፣ 'ሰዎቹ እዚህ ያመጡኛል፤ አውቃቸዋለሁ፣ ደግ ናቸው። ማዘጋጃ ቤቱም የሚከለክል ሰው ያቆማል። ከናትህ ደጅ የሚመልሰኝ ባዳ አይሁን። አንተ ቁምና አንተ መልሰኝ' አለኝ።"

ከጎኑ ካቡ ላይ ተቀመጥኩ። ከላይ ከለቅሶ ቤት የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ምናልባት እሱኑ እየረገሙት ይሆናል። "ለምን አትነግራቸውም?" አልኩት። "ሂድና ንገራቸው። እኔ አብሬህ እወጣለሁ።"

ራሱን ነቀነቀ። "እሱንም ከልክሎኛል። 'እኔው እንዳዘዝኩህ ቢያውቁ ጥፋቱን በራሳቸው ያደርጉታል፤ ያን ውሃ በቀዱ ቁጥር እኔን ያስባሉ፤ ልጆቻቸውን እያሳደጉበት ነው፤ ተዋቸው ይቅዱ' ብሏል።"

ከዚያ እጁን ዘርግቶ በእናቱ ቀኝ ካለችው ባዶ ቦታ ላይ የበቀለውን ሣር መንቀል ጀመረ። አሁን ለማን እንደሚያርማት አልጠየቅኩትም፤ አብሬው ነቀልኩ።